«እኩል ይካፈሉት» ሲባል፣ እኩል ለማን?

አርባው ወጥቷል። ድንኳኑ ከፈረሰም ሰንብቷል። ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቧል። የነፍስ አባት፣ የእድሩ ዳኛና አንድ ሁለት ጎረቤት አሉ። ከእማማ ሳጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይወጣል። አራት ቦታ ታጥፏል። ከግርጌው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የአውራ ጣት አሻራ አለበት። አንዱ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ይጀምራል። የቀብሩ ነገር ይነበባል፣ የተዝካሩ ነገር ይነበባል። «ወርቄን ሴት የልጅ ልጆቼ ሁሉ ይካፈሉት» የሚል ይከተላል። ከዚያ ይህች መስመር ትመጣለች፦

«ቤቴን ልጆቼና የልጅ ልጆቼ እኩል ይካፈሉት።»

ሁሉም ዓይኑ እንባ ያቀርራል። «እማማ እኮ ማንንም ከማንም አትለይም ነበር» ይባላል። ያን ቀን ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ የሚመጣው በሳምንቱ፣ አንዱ ስልኩ ላይ ካልኩሌተር ሲከፍት ነው።

ይህን ቤተሰብ ለምሳሌ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። መስመሯን ግን አልፈጠርኳትም። በሥራዬ ምክንያት የውርስ ወረቀት ብዙ አነባለሁ፤ እሷን ወይም እህቷን ደጋግሜ አግኝቻታለሁ። ስታነቧት ግልጽ ትመስላለች። ስታካፍሉባት ግን ቢያንስ ሦስት ቦታ ትሰነጠቃለች። ለዚህ ነው ዛሬ እሷን ይዤ ቁጭ ያልኩት።

ቤተሰቡ እንዲህ ነው። እማማ አራት ልጆች ወለደች። ታላቅየው በ2005 ዓ.ም. ሞተ፤ ሦስት ልጆች ትቷል። ሁለተኛዋ በሕይወት አለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ሦስተኛው በ2011 ሞተ፤ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ አለችው። የመጨረሻው በሕይወት አለ፤ ልጅ የለውም። እማማ ኑዛዜዋን ያደረገችው በ2008 ነው። ያረፈችው በ2016። ቤቱ 12 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፤ ለጊዜው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው እንበል። ይህን «እንበል» ኋላ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛዋ ልጅ እንዲህ ትላለች፦ «እናቴ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ነው ያለችው። እኔና ወንድሜ ሁለት፣ የልጅ ልጆች ስድስት። ስምንት ሰው ነን። ለስምንት ይካፈል።» ለእያንዳንዱ 1.5 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። እሷ ከሁለት ልጆቿ ጋር 4.5 ሚሊዮን ትይዛለች።

የታላቅየው ልጆች ደግሞ «የለም፤ የአክስታችን ልጆች እናታቸው በሕይወት እያለች እንዴት ይገባሉ? የሚገባው አባት የሞተበት ነው» ይላሉ። በእነሱ ስሌት ሁለቱ ልጆችና አራቱ የሙት ልጆች ስድስት ሰው ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ 2 ሚሊዮን። ሦስቱ ተደምረው 6 ሚሊዮን፣ የቤቱን ግማሽ ማለት ነው።

የመጨረሻው ልጅ ሌላ ይላል፦ «እናቴ አራት ወለደች፤ ለአራት ይከፈል። የሞተውን ልጆቹ ይተኩት።» በዚህ ስሌት ለየቤቱ 3 ሚሊዮን ነው። የታላቅየው ሦስት ልጆች የአባታቸውን 3 ሚሊዮን አንድ አንድ ሚሊዮን አድርገው ይከፋፈሉታል። የሦስተኛው ልጅ ብቸኛዋ ሴት ልጅ 3 ሚሊዮኑን ለብቻዋ ትወስዳለች።

እማማ ስታርፍ ይህች ልጅ 14 ዓመቷ ነበር። እንደ ትርጉሙ 1.5፣ 2 ወይም 3 ሚሊዮን ይደርሳታል። ሳሎን ውስጥ ግን ስለ እሷ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። እናቷ ምራት ናት፤ «አንቺ ምን አገባሽ» ትባላለች። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ እባካችሁ ይህችን ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዟት።

ሦስቱም ተከራካሪዎች እየዋሹ አይደለም። እያንዳንዱ የሚጠቅመውን ትርጉም ከልቡ አምኖበታል። የሕጉ ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

መጀመሪያ ኑዛዜውን ወደ ጎን አድርጉት። ኑዛዜ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ዓ.ም. ነው፤ የውርስ ክፍሉ እስካሁን ይሠራል። ቁጥር 842 ቀደም የሚሉት ወራሾች የሟች ልጆች ናቸው ይላል። ድርሻቸው እኩል ነው። ወንድና ሴት አይለይም። በጋብቻ ተወለደ ከጋብቻ ውጭ አይለይም። የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ልጅ ይቆጠራል። ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ተወላጆች ትቶ ከሆነ፣ እነሱ ተተክተው ይገባሉ። ፍርድ ቤት አካባቢ «ተተኪ ወራሽ» ሲባል የምትሰሙት እነዚህን ነው።

ተተኪ የሚገባው በአባቱ ወይም በእናቱ ወንበር ነው። ወንበሩ አንድ ነው። ሦስት ሆነው ቢመጡ ሦስት ወንበር አይጨመርላቸውም፤ ያቺኑ አንዷን ይጋሯታል። አንድ ሆኖ የመጣም ወንበሩ አይጠብበትም፤ ሙሉውን ይቀመጥበታል። እኔ ለሰው ሳስረዳ «በየቤቱ እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም» እላለሁ። ኑዛዜ ባይኖር ኖሮ የመጨረሻው ልጅ ስሌት ትክክል ነበር። አራት ቤት፣ ለየቤቱ 3 ሚሊዮን። የሁለተኛዋ ልጆች እናታቸው ስላለች ምንም አይደርሳቸውም።

«ሦስቱ ወንድማማቾች አንድ አንድ ሚሊዮን፣ የአጎታቸው ልጅ ግን ሦስት ሚሊዮን? ይህ ፍትሕ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ይገባኛል። መልሴ ይህ ነው፦ አባቶቻቸው ቢኖሩ ሁለቱም እኩል 3 ሚሊዮን ይወስዱ ነበር። የታላቅየው ሦስት ልጆች ከአባታቸው ላይ ለሦስት ይካፈሉ ነበር። ሞት የአንዱን ቤት ድርሻ ማሳደግ የሌላውን ማሳነስ የለበትም። ሕጉ የሚጠብቀው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ የተሳሳተ እምነት አለ። «አባታቸው እናቱን ሳይቀብር ስለሞተ ድርሻው አብሮት ተቀብሯል» ይባላል። ይህን ሰምተው፣ «የሞተ ተጎዳ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው የወጡ ልጆች አውቃለሁ። ሐሰት ነው። አባትህ ወይም እናትሽ ከአያት በፊት በመሞታቸው ድርሻችሁ አልጠፋም።

የሞት ቀን ግን ወሳኝ ነው። ልጁ ከእናቱ በፊት ከሞተ ልጆቹ በመተካት በቀጥታ ከአያታቸው ይወርሳሉ። ከእናቱ በኋላ፣ ለምሳሌ ክፍፍሉ ሳያልቅ ከሞተ፣ መጀመሪያ እሱ ራሱ ወርሷል ማለት ነው። ያ ድርሻ የእሱ ንብረት ሆኖ በእሱ ውርስ ውስጥ ይገባል። የእሱ ዕዳ ይነካዋል። የእሱ ኑዛዜም ይነካዋል። በሁለቱ መካከል የአንድ ሳምንት ልዩነት ብቻ ሊኖር ይችላል። የሁለቱን ሰዎች የሞት ምስክር ወረቀት ጎን ለጎን ሳታስቀምጡ ስሌት አትጀምሩ።

አሁን ኑዛዜው ይመለስ።

ኑዛዜ ሲያሻማ ዳኛው በዋናነት የሚይዘው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 910 ነው። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ጥርጣሬ ካለ ኑዛዜው የሚተረጎመው የተናዛዡን ሐሳብ ተከትሎ ነው። ያ ሐሳብ ከራሱ ከኑዛዜው ወይም ከሌሎች ሁኔታዎች ይፈለጋል። ሁለተኛ፣ ቃሉ ግልጽ ከሆነ «እውነተኛ ሐሳቡ ግን ሌላ ነበር» ብሎ ከቃሉ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትግል ከሦስቱ ትርጉም የትኛው ይሻላል የሚል አይደለም። ቃሉ ግልጽ ነው ወይስ አሻሚ? ትግሉ መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛዋ ልጅ «ግልጽ ነው» ብትል ያዋጣታል። ሌሎቹ «አሻሚ ነው» ማለት አለባቸው።

ወረቀቷን በቅርብ እንያት። «ልጆቼና የልጅ ልጆቼ» ይላል። «የሟች ልጆቼ ልጆች» አይልም። «በየድርሻቸው» አይልም። «እኩል» የሚለው ቃል ከሁለቱም በኋላ መጥቷል፤ ሁለቱንም አብሮ የሚገዛ ይመስላል። ይህ ሁሉ ወደ ስምንት ሰው ይገፋል።

ግን ከላይ ያለችውን የወርቅ መስመር አስታውሱ። «ሴት የልጅ ልጆቼ ሁሉ» ትላለች። እማማ ሁሉንም ማለት ስትፈልግ «ሁሉ» ትላለች ማለት ነው። ቤቱ ላይ ለምን አላለችም? ይህ የጠበቃ ብልጠት ብቻ አይደለም። አንድን ወረቀት በራሱ ቋንቋ ማንበብ ማለት ይኸው ነው። በአንዱ መስመር የተጠቀመችውን ቃል በሌላው መስመር ከተወች፣ መተዋ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ቀጥሎ ቀኑ ይታያል። ኑዛዜው በ2008 ሲጻፍ ታላቅየው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሦስተኛው ግን በሕይወት ነበር። ስለዚህ እማማ ያን ቀን «የልጅ ልጆቼ» ስትል በዓይኗ ላይ የነበሩት ማን ናቸው? ምናልባት አባት የሌላቸው የታላቅየው ልጆች። እንደዚያ ከሆነ «ልጆቼ» ሦስቱ ነበሩ፤ «የልጅ ልጆቼ» ደግሞ በአራተኛው ወንበር የሚቀመጡት። ይህ የመጨረሻውን ልጅ ስሌት ይደግፋል። ወይም ደግሞ ስድስቱም በዙሪያዋ ሲሮጡ እያየች ስድስቱንም ማለቷ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹ ሁኔታዎች በምስክር ይመጣሉ። ኑዛዜውን የጻፈላት ማን ነው? ምን ብላ ነገረችው? የትኞቹ የልጅ ልጆች አብረዋት ይኖሩ ነበር? የማንን የትምህርት ቤት ክፍያ ትከፍል ነበር? ለሁለተኛዋ ቀድማ የሰጠቻት ንብረት ነበር? ሦስተኛው ልጅ ሲሞት ወረቀቱን ያልቀየረችው ለምንድን ነው? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይወስንም። ተደማምረው ግን ሚዛኑን ያዘነብላሉ።

እኔ ብጠየቅ፣ ከዚህች ወረቀት በቀር ሌላ ምንም ማስረጃ ካልቀረበ የስምንቱ ሰው ንባብ ከባድ ነው እላለሁ። ቃሉ ያለ ገደብ ነው የተጻፈው። ስድስት የሚለው ንባብ ደግሞ በጣም ደካማው ይመስለኛል። የአክስት ልጆችን ሲያስወጣ የመተካትን ሕግ ይጠቀማል፤ ሲያካፍል ግን ያንኑ ሕግ ትቶ በነፍስ ወከፍ ይቆጥራል። ካንዱ አንዱን መምረጥ አለበት። በየቤቱ የሚለው ንባብ ደግሞ ከሕጉ መንፈስ ጋር ይስማማል፤ ግን ከወረቀቱ ላይ ወይም ከምስክር አንድ ድጋፍ ያስፈልገዋል። የወርቋ መስመርና የ2008 ቀን ያንን ድጋፍ ሊሰጡ ይችላሉ። ሌላ ዳኛ ሌላ ሊል ይችላል፤ በዚህ አልገረምም።

ስምንት ሰው የሚለው ቢያሸንፍ እንኳ ነገሩ አያልቅም። የ14 ዓመቷን ልጅ ተመልከቱ። በሕጉ 3 ሚሊዮን ይደርሳት ነበር፤ አሁን 1.5 ሆነ። በግማሽ ተጎድታለች። በኑዛዜ በተደረገ ክፍፍል አንድ ተወላጅ ከሕጋዊ ድርሻው ከሩብ በላይ ከተጎዳ፣ ክፍፍሉን የሚቃወምበት በር ሕጉ ከፍቶለታል። ለሁለተኛዋ ልጆች የተሰጠው ክፍፍል ነው ወይስ የኑዛዜ ስጦታ የሚል ሌላ ክርክር ይነሳል፤ ይነሳ። የልጅቷ እናት ወይም ጠበቃዋ ይህን በር ሳያንኳኩ መሄድ የለባቸውም።

አሁን ወደዚያ «እንበል» ልመለስ። ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእማማ ነው ብለን ነበር። ግን ካርታው በአባባ ስም ነው ወይም በጋራ የተሠራ ቤት ነው እንበል፤ እሳቸው ደግሞ በ2001 ያለ ኑዛዜ አርፈዋል። ያን ጊዜ ማንም ፍርድ ቤት አልሄደም። «እናታችን በሕይወት እያለች ምን ውርስ ይነሳል» ተባለ። ደግ አሳብ ነው። ሕጉ ግን አልጠበቀም። በጋብቻ ያፈሩት የጋራ ንብረት ነውና ግማሹ የእማማ ነው። የአባባ ግማሽ በሞታቸው ቀን ለአራቱ ልጆች ተላልፏል። ባልና ሚስት በእኛ ሕግ እርስ በርስ ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ ይህን ስናገር የሚደነግጥ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ስለዚህ እማማ መናዘዝ የምትችለው 6 ሚሊዮኑን ብቻ ነው። ከላይ የደረደርኳቸው ስሌቶች በሙሉ በግማሽ ይወርዳሉ። የአባባ 6 ሚሊዮን ለአራት ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ 1.5። ታላቅየው በ2001 በሕይወት ስለነበር 1.5ውን ወርሷል። በ2005 ሲሞት ለሦስት ልጆቹ አልፏል፤ ለያንዳንዳቸው 500 ሺህ። የሦስተኛው 1.5 ሚሊዮን ለልጁ ሆኗል። ይህን የእማማ ኑዛዜ አይነካውም። «ቤቴን» ብላ ብትጽፍም የሰውን ድርሻ መናዘዝ አትችልም። በስንት ክርክር ውስጥ ሦስት ዓመት ስለ ኑዛዜው ትርጉም ተጨቃጭቀው፣ መጨረሻ ላይ የቤቱ ግማሽ ከነጭራሹ በኑዛዜው ውስጥ እንዳልነበረ የሚነቁ አሉ። ይህ ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ካርታውን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የአባትን የሞት ቀን አውጡ። ከዚያ ኑዛዜውን አንብቡ።

ወረቀቱ ራሱ ጸንቶ መቆሙም መታየት አለበት። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡም ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ቀንም ያስፈልገዋል። ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርማሉ ወይም አሻራ ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «ተነበበ» የሚለው ቃል መቅረቱ ብቻ ስንት ኑዛዜ አከራክሯል። በእጅ ጽሑፍ የሚደረገው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን መናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ተጽፎ በሰባት ዓመት ውስጥ ለሚመለከተው መዝጋቢ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይፈርሳል። ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ማስረከብ አይደለም። የቃል ኑዛዜ ቤት አያስተላልፍም፤ ለቀብር፣ ለትንንሽ ስጦታና ለልጆች አሳዳሪነት የተወሰነ ነው።

አንድ ተጨማሪ፣ ብዙ ደግ ባልና ሚስቶች የሚሳሳቱት ነገር አለ። «እኔና ባለቤቴ ተስማምተን» ብለው በአንድ ወረቀት ይናዘዛሉ። ቁጥር 858 ይህን አይቀበልም። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ሁለት ወረቀት ጻፉ።

ኑዛዜው የልጅ ልጆችን ጨርሶ ሳይጠቅስ ሲያልፍስ? ለምሳሌ «ቤቴ ለሁለቱ ልጆቼ» ብሎ የሟቾቹን ልጆች ዝም ካለ? ተወላጅን በዝምታ ከውርስ መንቀል አይቻልም። መንቀል ከተፈለገ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም አብሮ መጻፍ አለበት። ዳኛው ያ ምክንያት ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ይመዝናል። ስለዚህ «ስማችሁ የለም» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ፣ ያ የመጨረሻው ቃል አይደለም።

«ሱቁ ለልጅ ልጄ ይሁን» የሚል መስመርም ይገጥማል። ይህ ልጅ ወላጁ የሞተበት ወራሽ ከሆነ፣ ሱቁ በመሠረቱ የድርሻው መክፈያ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ከድርሻው በላይ ምርቃት አይደለም፣ ተናዛዡ ሌላ ሐሳብ እንዳለው ወረቀቱ ካላሳየ በቀር። ወላጁ በሕይወት ያለ የልጅ ልጅ ከሆነ ግን እሱ ወራሽ አይደለም። ሱቁ የኑዛዜ ስጦታ ነው፤ ከወላጁ ድርሻ ላይ ብቻ ተቆርጦ አይታሰብም። አንድ ዓይነት መስመር፣ ሁለት የተለያየ ውጤት።

ሙስሊም ቤተሰቦች ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከተስማሙ ጉዳያቸውን ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ። እዚያ ስሌቱ ሌላ ነው። በመሠረቱ አያት ሲሞቱ ወንድ ልጃቸው በሕይወት ካለ፣ ቀድሞ የሞተውን ወንድሙን ልጆች ከውርሱ ይከልላቸዋል፤ እነሱ የሚጠቀሙት አያት እስከ ሲሶ ድረስ ቢናዘዙላቸው ነው። ስምምነቱን ከመፈረም በፊት ይህን ማወቅ ለወላጅ አልባ የልጅ ልጆች ትልቅ ነገር ነው።

ጊዜም ያልፋል። ኑዛዜን ለመቃወም ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ በቀናትና በወራት የሚቆጠር አጭር ነው። ከተነበበበት ቀን ጀምሮ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። «የተዝካሩን ጊዜ እንለፈው» የሚባለው ይሉኝታ ስንቱን አስቀርቷል። ወራሽነቴ ይታወቅልኝ፣ ንብረቴ ይመለስልኝ የሚለው ክስ ደግሞ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁ ጀምሮ በሦስት ዓመት ይታገዳል፤ በማንኛውም ሁኔታ ከሞቱ ቀን ከ15 ዓመት በኋላ በመሠረቱ አይሰማም። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ የልጅ ልጅም በርቀቱ ምክንያት ድርሻው አይጠፋም። በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ልኮ መከራከር ይችላል። ውክልናው ግን ምን ምን እንደሚያስችል አንብባችሁ ፈርሙ፤ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለውን ለአጎት የሰጠ ሰው ኋላ የሚከሰው ያንኑ አጎት ነው።

ሽማግሌ ተቀምጦ ቢታረቁ ከሁሉ ይሻላል። እኔም የምመክረው እሱን ነው። ግን ያቺ የ14 ዓመት ልጅ እርቁ ላይ መፈረም አትችልም። አክስትና አጎት ስለ እሷ «ትተዋለች» ሊሉላት አይችሉም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ድርሻ የሚነካ ስምምነት በሞግዚቷ በኩል ሆኖ ፍርድ ቤት ሊያየው ይገባል። ምራትየዋ ራሷ ወራሽ ባትሆንም የልጅቷ ሞግዚት ስለሆነች ሳሎን ውስጥ ወንበር አላት። «ምን አገባሽ» ለሚላት ሰው መልሱ ይህ ነው።

በሕይወት ያሉ አያቶች ይህን እያነበቡ ከሆነ ወይም የሚያነብላቸው ሰው ካለ፣ እማማ ያን ቀን ልትጽፈው ትችል የነበረውን ላስቀምጥ። በየቤቱ ማለቷ ከነበረ፦

«በቤቱ ውስጥ ያለኝን ግማሽ ድርሻ በአራት እኩል ቦታ ከፍዬ አንድ አንዱን ለአራቱ ልጆቼ ሰጥቻለሁ። ከልጆቼ አንዱ ከእኔ በፊት ቢሞት ወይም ሞቶ ከሆነ፣ የእሱን አንድ አራተኛ ልጆቹ ብቻ እኩል ይካፈሉት።»

በነፍስ ወከፍ ማለቷ ከነበረ ደግሞ፦

«በቤቱ ውስጥ ያለኝን ግማሽ ድርሻ እኔ ስሞት በሕይወት ያሉ ልጆቼና፣ ወላጃቸው በሕይወት ኖረም አልኖረ፣ የልጅ ልጆቼ በሙሉ በሰው ልክ ተቆጥረው እኩል ይካፈሉት።» ከዚያ የእያንዳንዳቸው ስም ከነአባት ይከተላል።

ሁለቱም አንድ አንድ አንቀጽ ናቸው። ስትጽፉ «ልጄ ከእኔ በፊት ቢሞትስ» የሚለውን አትዝለሉት። በስም የተጠቀሰ ሰው ቀድሞ ሲሞት ወረቀቱ ዝም ካለ ስጦታው በመሠረቱ ይወድቃል፤ ልጆቹ ይግቡ አይግቡ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ይሆናል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ወረቀቱን ከአራቱ ምስክሮች ለአንዱ አስነብቡትና ቤቱን ለማን ስንት እንደሚያካፍል ጠይቁት። ከእናንተ የተለየ ቁጥር ከነገራችሁ ገና ጽፋችሁ አልጨረሳችሁም።